የመዓዛ ዘይት በቤታችን፦ ከእፍኝ ቅጠል ወደ ጠብታ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሐምሌ ገብቶ ጭጋጉ ሲወርድ አፍንጫው ያልታፈነ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። የእናቴ መፍትሔ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ከአጥሩ ጥግ ከቆመው ነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል ትቀነጥስና ድስት ጥዳ፣ በጋቢ ሸፍና ታጥነን ነበር። እኔ ደመወዝተኛ ስሆን ያንኑ ሽታ ጣት በምታክል ጥቁር ብልቃጥ ገዝቼ ወደ ቤት ይዤ መጣሁ። እናቴ ብልቃጡን አገላብጣ አይታ «ምነው ልጄ፣ ዛፉ ደጅሽ ቆሞልሽ በብር ትገዢዋለሽ?» አለችኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ከብልቃጡ መዳፌ ላይ ገልብጬ ደረቴንና አንገቴን እንደ ቅባት አሸሁት። ሌሊቱን ሙሉ ሚጥሚጣ እንደተቀባ ሰው ሲለበልበኝ አደረ። ሲነጋ አንገቴ ሥር ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል። እናቴ በቅጠሉ ስንት ዓመት ስታጥነን እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞን አያውቅም። ዘይቱ ከዚያው ቅጠል የወጣ ነው፤ መጠኑ ግን ሌላ ነው። ቅጠል በእፍኝ ይለካል፣ ዘይት በጠብታ። እኔ ዘይቱን በእፍኝ ለካሁት። ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁሉ ከዚያች ሌሊት በኋላ የተማርኩት ነው።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

አንድ የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል ቀንጥሳችሁ ወደ ፀሐይ አንሡና ተመልከቱ። ቅጠሉ በመርፌ ጫፍ የተበሳሳ ይመስል ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ታያላችሁ። እነሱ የዘይት ከረጢቶች ናቸው። ጤና አዳም ላይም እንዲሁ ይታያሉ። ቅጠሉን በጣታችሁ ስታሹት እነዚያ ከረጢቶች ይፈነዳሉ፣ ሽታው የሚወጣውም ያኔ ነው። ፋርማሲና የውበት ዕቃ መደብር ውስጥ «ኢሴንሻል ኦይል» ተብሎ የሚሸጠው የእነዚህ ከረጢቶች ዘይት ተለቅሞ አንድ ላይ ሲጠራቀም ነው።

ጎጃም ውስጥ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሩን ለመረዳት አይቸገርም። ማሰሮው ይጣዳል፣ እንፋሎቱ በመቃው ያልፋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያለው ዕቃ ጋ ሲደርስ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። የመዓዛ ዘይትም እንደዚያው ነው። በድፍድፍ ፋንታ ቅጠልና ውሃ ይገባል፤ የሚወርደው ደግሞ መዓዛ ያለው ውሃና በላዩ ላይ የሚንሳፈፍ ስስ ዘይት ነው። ከአንድ መቶ ኪሎ እርጥብ የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል የሚገኘው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ቢሆን ነው። ስለዚህ 10 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ብልቃጥ ማለት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ቅጠል ማለት ነው። ይህን ስሰማ አንገቴ ለምን እንደተቃጠለ ገባኝ።

ቤት ውስጥ ማውጣት ይቻላል ወይ ብላችሁ ከሆነ፣ ሞክሬዋለሁ። ግማሽ ቀን ጭስ በልቼ ያገኘሁት የቡና ስኒ ቂጥ የማይሸፍን ዘይት ነው። ዕቃውን ያዋሰችኝ ጎረቤቴ ደግሞ ቀጥላ ያወጣችው አረቄ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ስላለባት እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች። አልመክራችሁም።

ስትገዙ

ለጀማሪ ከሦስት በላይ አያስፈልገውም፦ ለአፍንጫ ባሕር ዛፍ፣ ለእንቅልፍ ላቬንደር፣ ለራስ ምታት ናና። ጠጅ ሳር ለሽታው ደስ ይላል፣ ግን ይቆይ።

ብልቃጡ ላይ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም መጻፍ አለበት። «ፍራግራንስ ኦይል» ወይም «ፐርፊዩም ኦይል» የሚል ካለበት ሽታው ከፋብሪካ የተቀመመ ነው፤ ለልብስ ይሁን፣ ለቆዳ አይሆንም። ዕቃው ጥቁር ወይም ቡናማ ጠርሙስ ይሁን እንጂ ፕላስቲክ አይሁን፤ አፉ ላይም ጠብታ የሚያወርድ መክደኛ ይኑረው። አንድ ነገር ልጨምር፦ መደርደሪያው ላይ የጽጌረዳውም የሎሚውም ዋጋ እኩል ከሆነ ተጠራጠሩ። የጽጌረዳ ዘይት በዓለም ላይ ከውድ ዘይቶች አንዱ ነው፣ የሎሚ ግን ርካሽ ነው፤ እኩል ሊሸጡ አይችሉም።

ቤት ስትገቡ በነጭ ወረቀት ፈትኑት። አንድ ጠብታ ጣሉበትና እስከ ማግስቱ ተዉት። ንጹሕ የባሕር ዛፍ ወይም የናና ዘይት ተንኖ ይጠፋል። ሳምቡሳ የተጠቀለለበት ጋዜጣ የመሰለ የቅባት ክብ ከቀረ የምግብ ዘይት ተቀላቅሎበታል። እኔ አንዴ እንደዚህ ዓይነቱን ገዝቼ ለሻጩ ወረቀቱን ሳሳየው «ወረቀቱ ነው የደበሰው» አለኝ።

ከማሸት በፊት፦ ማቅጠን

ይህ የመመሪያው እምብርት ነው። የመዓዛ ዘይት ሳይቀጥን ቆዳ አይነካም። ማቅጠኛው ደግሞ ሌላ ዘይት እንጂ ውሃ አይደለም፤ ውሃና ዘይት አይዋሃዱም። ለዚህ ጎጃም ምን ጎደላት? የኑግ አገር ናት። ያልተጠበሰበት፣ ያልቆየ የኑግ ዘይት ለማሻ ይሆናል። ሽታው የሚከብዳችሁ ከሆነ የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት ውሰዱ። የተልባ ዘይት ቶሎ ስለሚበላሽ አልወደውም። ቅቤም ይሆናል፤ እናቶቻችን ፀጉራቸውን የሚቀቡት አደስ ቅቤ ራሱ መዓዛ ያለው ቅጠል ቅባት ውስጥ ገብቶ የተሠራ አይደል?

ልኬቱ እንዲህ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 30 ሚሊ ሊትር ነው። የአንድ ሚሊ ሊትር የመዓዛ ዘይት ደግሞ በግምት 20 ጠብታ ነው። ጤነኛ አዋቂ ሰው ለትከሻና ለወገብ የሚታሸው ሁለት በመቶ ሲሆን ይበቃል፤ ይኸውም በሁለት የሾርባ ማንኪያ ላይ 12 ጠብታ ነው። ለሽማግሌ፣ ቆዳው ስስ ለሆነና ለፊት 6 ጠብታ አድርጉት። ጠጅ ሳር ቆዳ ይቆጣል፤ ለዚሁ መጠን ከ4 ጠብታ አትለፉ። ጠብታውን ስታንጠባጥቡ ድምፅ አውጥታችሁ ቁጠሩ። እኔ ዝም ብዬ ስቆጥር ሁሌ ሰባት ላይ ይጠፋብኛል።

አዲስ ቅልቅል ሁሉ መጀመሪያ ይፈተናል። ከክርናችሁ በውስጥ በኩል፣ ደም የሚቀዳበት ቦታ ላይ፣ ስሙኒ የሚያክል ቦታ ቀብታችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ። ካሳከከ፣ ከቀላ ወይም ከነደደ ያ ዘይት የእናንተ አይደለም። ቆዳ ላይ ካቃጠላችሁ በውሃ ብቻ አትታጠቡ፤ በምግብ ዘይት የነከራችሁትን ጥጥ አሹበት፣ ከዚያ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ። ይህን ባውቅ ኖሮ ያን ሌሊት እስኪነጋ አልሰቃይም ነበር።

አሁን ወደ ማሸቱ። ቅልቅሉን በቡና ስኒ አድርጋችሁ ስኒውን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆዩት፤ የቀዘቀዘ ዘይት ትከሻ ላይ ሲያርፍ ጡንቻው ይኮማተራል። መዳፋችሁን አሹና ከአንገት ግርጌ ወደ ትከሻ ጫፍ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ሁሌ ወደ አንድ አቅጣጫ ውሰዱ። የደነደነ ቦታ ስታገኙ አውራ ጣታችሁን አሳርፋችሁ ሦስት ትንፋሽ ያህል ያዙት። አጥንት ላይ አትጫኑ። ለአንድ ትከሻ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ወለም ያለ ወይም ያበጠ መገጣጠሚያ ከሆነ ዘይቱን ተዉትና በሐኪም አሳዩት።

ለራስ ምታት፦ በአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ላይ 2 ጠብታ ናና አዋህዳችሁ በጣታችሁ ጫፍ ግንባርና ከጆሮ በላይ ያለውን ቦታ ቀቡ፤ ከዓይን ራቁ። የናና ቅዝቃዜ የሚሰማችሁ ሜንቶል የሚባለው ንጥረ ነገር ቅዝቃዜ የሚያውቁትን የቆዳ ነርቮች ስለሚነካ ነው፤ ቆዳችሁ ግን አልቀዘቀዘም። ውጥረት የሚያመጣውን ራስ ምታት ለማስታገስ ጀርመን ውስጥ 10 በመቶ የናና ዘይት ያለበት የፋርማሲ መድኃኒት ተፈቅዶ ይሸጣል። እሱ ግን በባለሙያ የተዘጋጀ ነው፤ ቤት ውስጥ ለመምሰል አትሞክሩ። ከቀባችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ዓይናችሁን ስታሹ ታስታውሱኛላችሁ።

መታጠን

ለጉንፋን የሚሆነው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ለጋው ቅጠል ክብ ሆኖ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጣ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ሲበስል እንደ ማጭድ ረዝሞ ይቆለመማል። መራዊ አካባቢ በብዛት የምታዩት ቀዩ ባሕር ዛፍ ግንዱ ይሸጥ እንጂ ለአፍንጫ እንደ ነጩ አይሆንም። አዊ ዞን ለከሰል የተተከለው ዲከረንስ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ዛፍ ነው። ይህን የምለው አንዱ ዘመዴ ዲከረንስ ቀቅሎ ሲታጠን አግኝቼው ነው።

በቅጠል ከሆነ አንድ እፍኝ ወስዳችሁ አቧራውን እጠቡና አንድ ሊትር ተኩል በሚሆን ውሃ ድስት ከድናችሁ አምስት ደቂቃ አፍሉ። መክደኛው ዋና ነው፤ ያለ መክደኛ የምታፈሉት ዘይቱን ለማድ ቤቱ ጣሪያ እያጠናችሁ ነው። በዘይት ከሆነ ውሃው ከእሳት ወርዶ ሳፋ ውስጥ ከተገለበጠ በኋላ 2 ወይም 3 ጠብታ ጣሉበት። እሳት ላይ እያለ አይጨመርም፤ ይነዳል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለማቃጠል ግን ያ ከበቂ በላይ ነው። ሳፋው መሬት ላይ ወይም በማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ጭን ላይ ፈጽሞ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። በጋቢ ፋንታ በነጠላ ተሸፈኑ፤ ሲያፍናችሁ በአንድ እጅ ገልጣችሁ ለመውጣት ይመቻል። ፊታችሁን ከውሃው አንድ ክንድ ያህል አርቁ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በአፍንጫ ሳቡ በአፍ አውጡ። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ካሳላችሁ ወይም ደረታችሁ ከተጨነቀ ወዲያው አቁሙ፤ አስም ያለበት ሰው ይህን ጨርሶ ይተው።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የመጣ ጊዜ በየቤቱ ድስት ተጥዶ የነበረውን ሁላችንም እናስታውሳለን። እንፋሎት ቫይረስ አይገድልም። የሚያደርገው የታፈነ አፍንጫን ለጥቂት ጊዜ መክፈት ነው፤ ለመተኛት ያ ጥቂት ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። ላብ በላብ ሆኖ መውጣት ግን ጉንፋኑን አያሳጥረውም፣ እናቴ ብትቆጣም።

ልጆችን በሳፋ አታጥኑ። የፈላ ውሃ የሚገለበጠው ሁሌ እነሱ ላይ ነው።

ለእንቅልፍ

እዚህ ላይ የምታደርጉት ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ትንሽ ጥጥ ላይ 2 ጠብታ ላቬንደር ጥላችሁ ከትራሱ አንድ ክንድ ርቀት፣ ወንበር ወይም መስኮት ላይ አስቀምጡ። ትራሱ ላይ አታንጠባጥቡ፤ ፊታችሁ ሌሊቱን ሙሉ ያርፍበታል። ከመተኛታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሩና ስልካችሁን አርቁት። ሽታ ከአፍንጫ ተነሥቶ ስሜትና ትዝታን ወደሚይዘው የአእምሮ ክፍል አቋራጭ መንገድ አለው፤ ስለዚህ አንድን ሽታ ሁልጊዜ ከመኝታ ጋር ካገናኛችሁት ቀስ በቀስ ሰውነታችሁ ራሱ ሊለምደው ይችላል። ላቬንደር ብዙ ሰው ያረጋጋል፣ አንዳንዱን ደግሞ ራሱን ያሳምመዋል። እኔን የሚያስተኛኝ ላቬንደር ሳይሆን ጉዝጓዝ ላይ የደረቀ ጠጅ ሳር ነው፤ የበዓል ማግስት ይሸተኛል።

ዘይቱን ዕጣን ማጨሻው ላይ፣ ፍም ላይ አታፍስሱ። ዕጣን ሙጫ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይጤሳል፤ ዘይት ግን እንደ ቤንዚን ቦግ ይላል። በር ዘግቶ ከከሰል ጋር መተኛት ደግሞ ስንቱን ቤት እንዳጠፋ ታውቃላችሁ።

ለደከመ እግር

ከገበያ ወይም ከእርሻ ለተመለሰ ሰው እግሩን ማጠብ በገጠሩ የቆየ ወግ ነው። ለብ ያለ ውሃ ሳፋ ውስጥ አድርጉ። 4 ጠብታ የላቬንደር ወይም የባሕር ዛፍ ዘይት መጀመሪያ በአንድ የሾርባ ማንኪያ የኑግ ዘይት ወይም ሽታ በሌለው ፈሳሽ ሳሙና አዋህዱና ከዚያ ውሃው ላይ ጨምሩ። እንዲሁ ካንጠባጠባችሁት ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ሳይቀጥን ቁርጭምጭሚታችሁ ላይ ይለጠፋል። አሥራ አምስት ደቂቃ። ስኳር ያለበትና እግሩ የደነዘዘ ሰው የውሃውን ሙቀት ሌላ ሰው ይለካለት።

ብልቃጥ ለማይገዛ፦ የጦስኝ ቅባት

እናቴን ያስታረቀኝ ይህ ነው። ጦስኝ በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅል ተክል ነው፣ እኛ ጋ ለሻይ የለመድነው። በደንብ የደረቀ አንድ ስኒ ጦስኝ በእጃችሁ አድቅቁ። እርጥበት ካለው ቅባቱ ይሻግታልና መድረቁን አረጋግጡ፤ ስታሹት ካልተንኮሻኮሸ አልደረቀም። በንጹሕ ደረቅ ጠርሙስ ጨምሩና ቅጠሉ እስኪሸፈን የኑግ ዘይት አፍስሱበት። ድስት ታች ጨርቅ አንጥፋችሁ ጠርሙሱን አቁሙ፣ ውሃ እስከ ግማሹ ሙሉና በዝግ እሳት ሁለት ሰዓት አቆዩት። ውሃው እንዳይፈላ። ሲበርድ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉ። ይህ እንደ ብልቃጡ ዘይት የተጠራቀመ ስላልሆነ ሳይቀጥን ይታሻል። በጨለማ ቦታ ሁለት ወር ያህል ይቆያል፤ ሽታው እንደ አሮጌ ቅቤ ሲሆን ድፉት።

እጅ የሚሰበሰብበት

የመዓዛ ዘይት አይጠጣም። በሻይም፣ በማርም፣ በውሃም። የባሕር ዛፍ ዘይት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ እንኳ ሕፃን ልጅን ሊያንቀጠቅጥና ራሱን ሊያስት ይችላል። ልጅ ከጠጣ አታስታውኩት፤ ዘይቱ ወደ ሳንባ ይገባል። ወተት አጠጥቶ መጠበቅም ጊዜ ማባከን ነው። ብልቃጡን ይዛችሁ ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ለሕፃናት ባሕር ዛፍም ናናም አፍንጫ ሥርና ደረት ላይ አይቀባም፤ ትንፋሻቸውን ሊያውክ ይችላል። ዓይን ውስጥ ከገባ በንጹሕ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል እጠቡ።

ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ስትደረግ ደስ ትላለች፣ ዘይቷ ግን አደገኛ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ከቅጠሏም ትራቅ። ጤና አዳምም፣ ከልጣጩ የተጨመቀ የሎሚ ዘይትም ቆዳ ላይ ሆነው ፀሐይ ካገኛቸው ያቃጥላሉ። ከተቀባችሁ ያን ቦታ ለ12 ሰዓት ያህል ከፀሐይ ሸፍኑ፤ የደጋ ፀሐይ ቀዝቃዛ ትመስላለች እንጂ አትምርም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከባሕር ዛፍና ከሮዝመሪ ዘይት ይጠንቀቅ።

«ምች መታኝ» ያለ ሰው ዳማከሴ ታሽቶለት ቢያሸትት እኔ አልቃወምም። ነገር ግን ከመስከረም እስከ ኅዳር ጣና ዳር ወይም ዓባይ ሸለቆ ደርሶ የመጣ ሰው ካተኮሰውና ካንቀጠቀጠው መጀመሪያ የወባ ምርመራ ነው። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው የቲቢ ምርመራ። ራስ ምታት ከትኩሳትና ከአንገት መድረቅ ጋር ከመጣ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላልና ለናና ጊዜ የለም።

ብልቃጦቹን ከድናችሁ ልጅ በማይደርስበት፣ ፀሐይና ምድጃ በማያገኘው ቦታ አስቀምጡ፤ የከፈታችሁበትንም ቀን ጻፉባቸው። የሎሚ ዓይነቶቹ ከአንድ ዓመት በኋላ ይደክማሉ፤ የደከመ ዘይት ቆዳ ያሳክካል። እናቴ የእኔን ያረጀ የሎሚ ዘይት ወስዳ ወለል ስትወለውል ባልዲ ውስጥ ትጨምረዋለች። ስንት ጠብታ እንደምትጨምር ስጠይቃት ብልቃጡን ዘንበል አድርጋ «እስኪሸት» አለችኝ።